የኳሳር ንፋስ ወይስ ጄት፦ ጋላክሲን የሚያመክናት የቱ ነው?

ትናንት ደሴ ቤት በረካው ሲቀዳ የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ጋላክሲ ኮከብ መውለድ እንድታቆም የሚያደርጋት ንፋሱ ነው ጄቱ?» አለኝ። አብሽር፣ እናወዳድራቸው። ሁለቱም የሚነሱት ጋላክሲዋ መሀል ካለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ነው። ኳሳር የምንለው ጉድጓዱ ጋዝ ሲውጥ ዙሪያው በኃይል የሚያበራውን የጋላክሲ መሀል ነው፤ ጄት ደግሞ ከጉድጓዱ አጠገብ እንደ ቀስት ተወርውሮ የሚወጣ ቀጭን ፍሰት ነው።

ንፋሱ፦ አውድማ ላይ ገለባ ንፋስ ሲወስደው አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። የኳሳሩ ኃይለኛ ብርሃን ጋዙን እየገፋ ያስወጣዋል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት 10 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ማርካሪያን 231 በምትባለው ጋላክሲ ቀዝቃዛው ጋዝ ሳይቀር በሴኮንድ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ መጠኑም በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን ያክላል፤ የኛዋ ጋላክሲ ግን በዓመት ወደ ኮከብ የምትቀይረው ሁለት ፀሐይ ቢያክል ነው።

ጄቱ፦ ጋዙን ብዙም አያባርርም፣ እንዳይበርድ ነው የሚያደርገው፤ ጋዝ ካልበረደ ደግሞ ኮከብ አይወለድም። ፍም ላይ የተጣደ ጀበና በሉት። ኤንጂሲ 1275 በምትባለው ጋላክሲ ዙሪያ ባለው ትኩስ ጋዝ ውስጥ ጄቱ የነፋቸውን ትልልቅ አረፋዎች ቻንድራ ቴሌስኮፕ በኤክስሬይ አሳይቶናል።

ወጪ፦ ንፋሱ ሆዳም ነው፣ ጉድጓዱ ብዙ ካልዋጠ አይነሳም። ጄቱ በትንሽ ቀለብ ያድራል።

ስጋት፦ ንፋሱ ጋዙን ጨምቆ ጭራሽ አዲስ ኮከብ ሊያስወልድ ይችላል፣ የወጣውም ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል (እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው)።

ጋላክሲዋ ጋዝ የሞላት፣ ከሌላ ጋር በቅርቡ የተጋጨች ከሆነች ንፋሱን እመርጣለሁ። በጋላክሲዎች መንጋ መሀል የተቀመጠች ያረጀች ግዙፍ ከሆነች ደግሞ ጄቱን። ብዙዎቹ ግን ሁለቱንም በየተራ ሳይቀምሱ አልቀሩም።