ወተትና ቅቤ ለሌለበት የሙዝ ዳቦ፦ የሱፍ ዘይት ወይስ የኮኮናት ዘይት?

ከሙዝ ዳቦ ላይ ወተት ቢቀር ብዙም አያጎድልም፤ እርጥበቱን የተፈጨው ሙዝ ይሰጣል። የሚያሳስበው የቅቤው ምትክ ነው። ልጣጩ ለጠቆረ 3 ሙዝ፣ ለ2 ኩባያ ዱቄትና ለ1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ ኩባያ ዘይት ይበቃል፤ በየትኛውም ዘይት ልኩ ያው ነው።

የኮኮናት ዘይት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ24 ዲግሪ በታች ስለሚረጋ መጀመሪያ መቅለጥ አለበት። ቀልጦ ከማቀዝቀዣ የወጣ እንቁላል ላይ ሲፈስ ደግሞ ወዲያው ነጭ ፍርፋሪ እየሆነ ይቋጠራል፣ ሊጡንም እኩል አያዳርስም። እኔ ይህ ከደረሰብኝ ወዲህ እንቁላሉን ቀደም ብዬ አውጥቼ አስቀምጣለሁ። (እንቁላል የወተት ተዋጽኦ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ያምታታዋል።) ያልተጣራው ዓይነት የኮኮናት መዓዛውን ዳቦው ላይ ይተዋል፣ የተጣራው አይተውም። ዳቦው ሲቀዘቅዝ ጠንከር ስለሚል በስሱ ለመቁረጥ ይመቻል።

የሱፍ ዘይት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ ዳቦው በማግስቱም ለስላሳ ነው፤ የጎላ ጣዕም ስለሌለው የሙዙ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። ለቤተሰብ ስጋግር ምርጫዬ እሱ ነው። የኮኮናቱን የምመርጠው መዓዛውን ስፈልግ ብቻ ነው።

ሁለቱም በ175 ዲግሪ 1 ሰዓት ገደማ ይጋገራሉ። መሃሉ ላይ የተሰካው ስንጥር ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።