ፎር ኬ ብሉ ሬይ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ዲቪዲና ብሉ ሬይ ሲያከማች የኖረ ሰው አዲስ ፎር ኬ ቴሌቪዥን በገዛ ማግስት «ፊልሞቹንስ አብሬ ልቀይራቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ሰውየው ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ፣ ከቴሌቪዥኑ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥና ምን ዓይነት ፊልም እንደሚወድ እየታየ ይለያያል። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ባለ 65 ኢንች ኦሌድ (እያንዳንዱ የምስል ነጥብ የራሱን ብርሃን የሚሰጥበት) ቴሌቪዥን አለኝ፤ ከብሉ ሬይ ወደ አልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ፣ በተለምዶ ፎር ኬ ዲስክ ወደሚባለው፣ ከተሻገርኩም ቆይቻለሁ። ፍርዴን ከመነሻው ለመናገር ያህል፣ ማጫወቻውን መግዛት ያዋጣል፤ መደርደሪያ ሙሉ ፊልም እንደገና መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ዲቪዲ በ1996 ጃፓን ውስጥ፣ በ1997 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ምስሉ በአሜሪካው አሠራር ወርዱ 720፣ ቁመቱ 480 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ነው። በ2006 የመጣው ብሉ ሬይ 1920 በ1080 ፒክስል ስለሚይዝ ከዲቪዲው ስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ በ2016 የተከተለው ፎር ኬ ዲስክ ደግሞ 3840 በ2160 በመሆኑ ከብሉ ሬይ አራት እጥፍ ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱ እርምጃዎች ተቀራራቢ ይመስሉታል። ዓይን ግን በዚህ መንገድ አይቆጥርም።

ጤናማ ዓይን ለይቶ ማየት የሚችለው ትንሹ ነገር በማዕዘን ሲለካ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል ነው ተብሎ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት 55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የብሉ ሬይን ፒክስሎች ነጥሎ ለማየት ከ2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች መቅረብ ያስፈልጋል፤ በ65 ኢንች ላይ ርቀቱ ወደ 2 ሜትር ከ60 ያድጋል። ከዚያ ርቆ ለተቀመጠ ሰው የፒክስሉ ቁጥር አራት እጥፍ ሆነ አልሆነ የሚለወጥ ነገር የለም። የዲቪዲ ፒክስል ግን በዚያው 55 ኢንች ላይ ወደ 5 ሜትር ከሚጠጋ ርቀት ይታያል፤ ስለዚህ ከዲቪዲ ወደ ብሉ ሬይ የተደረገውን ለውጥ ሳሎኑ ጥግ የተቀመጠ እንግዳ እንኳ ያስተውለዋል። የእኛ ሰው ሳሎን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሶፋው ከአንደኛው ግድግዳ፣ ቴሌቪዥኑ ከወዲያኛው ግድግዳ ተጠግተው፣ መሐሉ ለረከቦትና ለእንግዳ የተተወ በመሆኑ፣ ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት ፊልም የሚያይ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ፒክስል ለመጨመር ብቻ ብሎ ወደ ፎር ኬ የሚሄድ ሰው ሶፋውን ወደፊት ቢያስጠጋ ወጪው ይቀንስለት ነበር።

ታዲያ ማጫወቻው ያዋጣል የምለው ለብርሃኑና ለቀለሙ ብዬ ነው። ዲቪዲና ብሉ ሬይ የሚዘጋጁት የምስሉ ከፍተኛ ብርሃን 100 ኒት (ኒት የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይሆናል በሚል መለኪያ ሲሆን፣ ፎር ኬ ዲስክ ይዞት የመጣው ኤችዲአር የሚባለው አሠራር 1,000 ኒትን፣ አንዳንዴም 4,000 ኒትን ታሳቢ አድርጎ ይቀናበራል። የቀለሙም አመዘጋገብ ከ8 ቢት ወደ 10 ቢት ስላደገ፣ ቀድሞ 16 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የቀለም ዓይነት ከ1 ቢሊዮን በላይ ሆኗል። በፋኖስ ብርሃን የተቀረጸ የሌሊት ትዕይንት በሁለቱም ዲስኮች አስጀምሮ ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በብሉ ሬዩ የፋኖሱ ነበልባል ነጭ ጥፍጥፍ ሆኖ ይቀራል፤ ከጀርባው ያለው ጨለማም ወደ ግራጫነት ያደላል። በፎር ኬ ዲስኩ ነበልባሉ መሐሉ ቢጫ፣ ጫፉ ብርቱካናማ ሆኖ ሲወዛወዝ ይታያል፤ ፊቱን ወደ ጨለማው ያዞረው ተዋናይ የለበሰው ጥቁር ኮት ከጥቁሩ ግድግዳ ተለይቶ፣ የትከሻው ስፌት ሳይቀር ይታወቃል። ጀምበር ስትጠልቅ በሚያሳይ ሰማይ ላይ በብሉ ሬይ ደረጃ ሠርተው የሚታዩት የቀለም መስመሮችም እዚህ ጠፍተው፣ ቀዩ ወደ ሐምራዊው ሳይታወቅ ይገባል። ይህን ለማየት ደግሞ መቅረብ አያስፈልግም፤ ከአራት ሜትርም ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ኤችዲአር የሚለው ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ስለታተመ ብቻ ቴሌቪዥኑ ይህን ሁሉ ያሳያል ማለት አይደለም። ብርሃኑ 300 ኒት በቅጡ የማይሞላ ርካሽ ቴሌቪዥን ምልክቱን ይቀበልና፣ የሚጎድለውን ብርሃን ከየትም ስለማያመጣው ምስሉን ከብሉ ሬዩ ይልቅ አጨልሞ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ያለው ሰው የዲስኩን ገንዘብ ለሚቀጥለው ቴሌቪዥን ቢያስቀምጠው ይሻለዋል።

ከቴሌቪዥኑ ቀጥሎ የሚታየው ፊልሙ ራሱ ነው። በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ ከተሠሩት ትልልቅ ፊልሞች ብዙዎቹ የመጨረሻ ቅንብራቸው የተጠናቀቀው ከብሉ ሬይ እምብዛም በማይበልጥ ጥራት፣ በ2ኬ፣ ነው፤ ፎር ኬ ተብለው ሲሸጡ ምስላቸው ተለጥጦ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ የሚጨምሩት ነገር ቢኖር ኤችዲአሩን ነው። በአንጻሩ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ የድሮ ሥራ፣ ኔጋቲቩ (ካሜራው ውስጥ የነበረው ዋናው ፊልም) በጥሩ ይዞታ ላይ ካለ፣ ከብሉ ሬይ የተረፈ ብዙ ዝርዝር አለው። በ1962 የወጣውና በ65 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸው «ላውረንስ ኦቭ አረቢያ» ኔጋቲቩ ከፎር ኬ በሚበልጥ ጥራት፣ በ8ኬ፣ ተነብቦ በፎር ኬ የታደሰ በመሆኑ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ፊልም ከብዙ የቅርብ ጊዜ ፊልሞች የበለጠ ጥርት ብሎ ይታያል። እድሳት ሁሉ ግን እድሳት አይደለም። የፊልሙን ተፈጥሯዊ ቅንጣት በኮምፒውተር ጠርገው የተዋናዮቹን ፊት ሰም የተቀባ የሚያስመስሉ አሉ፤ በ2017 የወጣው የ«ተርሚኔተር 2» ፎር ኬ ዲስክ በዚህ ምክንያት ብዙ ተተችቷል። ስለዚህ ዲስኩ ከመገዛቱ በፊት ያየ ሰው ስለ ምስሉ ምን እንዳለ ማንበብ የዋጋውን ያህል አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ፎር ኬ ዲስክ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ዶላር ይሸጣል።

«ኢንተርኔት ላይ ፎር ኬ እያለ ዲስክ ምን ያደርጋል?» የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ኔትፍሊክስ በፎር ኬ ለማየት በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት ፍጥነት ያለው መስመር ይበቃል ይላል፤ ከዲስኩ ግን በሰከንድ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ ሊነበብ ይችላል። ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎችን በሚያሳይ ትዕይንት ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ጭጋግ፣ ዝናብ፣ ጭስ ወይም በፍጥነት የሚያልፍ ቅጠል ሲመጣ ግን በኢንተርኔት የሚተላለፈው ምስል ይድበሰበሳል፣ የዲስኩ አይነቃነቅም። የድምፁ ልዩነት ደግሞ ከምስሉ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ዲስኩ ምንም ያልተቀነሰለትን የስቱዲዮ ድምፅ ሲይዝ በኢንተርኔት የሚመጣው የተጨመቀ ነው። ይህ እንግዲህ ጥሩ ስፒከር ላለው ሰው ነው፤ በቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ለሚሰማ ሁለቱም ያው ናቸው።

የባለቤትነትም ጉዳይ አለ። በኢንተርኔት «የተገዛ» ፊልም በእርግጥ የተገዛ ሳይሆን ለማየት የተፈቀደ ነው። በታኅሣሥ 2023 ሶኒ ሰዎች በፕሌይስቴሽን ገንዘብ ከፍለው የያዟቸውን የዲስከቨሪ ፕሮግራሞች ከስብስባቸው እንደሚያነሣ አስታውቆ ነበር፤ ከባለመብቱ ጋር አዲስ ስምምነት ላይ ተደርሶ ውሳኔው ቢቀለበስም፣ ፈቃዱ በማን እጅ እንዳለ ግልጽ አድርጓል። መደርደሪያ ላይ ያለን ዲስክ እንዲህ መጥቶ የሚወስድ የለም።

አጠቃቀሙ ግን ከዲቪዲ ዘመን የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ቴሌቪዥኖች የኤችዲኤምአይ መግቢያቸውን (የማጫወቻው ኬብል የሚሰካበትን) ሙሉ አቅም ዘግተው ነው የሚመጡት፤ ስሙ እንደየአምራቹ ቢለያይም፣ በሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለዚያ መግቢያ የተሻሻለውን ሲግናል ካልፈቀዱለት ማጫወቻው ያለ ኤችዲአር ይሠራና ባለቤቱ «ምን ተለወጠ?» ብሎ ይቆጫል። ኬብሉ በሰከንድ 18 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፍ ከሆነ ይበቃል፤ ሻጩ ከዚያ ውድ የሆነውን ቢያቀርብ እምቢ ማለት ይቻላል። ባለ ሦስት ንብርብር የሆኑት 100 ጊጋ ባይት ዲስኮችም ቆሻሻ አይወዱም። ያገለገለ ከሚሸጥበት ቤት የገዛሁት አንዱ ፊልሙ ሲጋመስ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ አውጥቼ ወደ መብራት አዘንብዬ ሳየው ዳሩ ላይ የጣት አሻራ ነበረበት፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጠርጌ ስመልሰው ያን ቦታ ያለ ችግር አለፈ። መረጃው ያለው ከሚነበበው የዲስኩ ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ስለሆነ (የዲቪዲ 0.6 ነው) ትንሽ እድፍ ብዙ መረጃ ይጋርዳል።

እስካሁን ከዲቪዲ ላልተላቀቀ ሰው ምክሬ ሌላ ነው። ማጫወቻው ፎር ኬ ይሁን፣ ምክንያቱም ብሉ ሬይንም ዲቪዲንም ያጫውታል፤ ፊልሞቹን ግን በብሉ ሬይ ይግዛ። ትልቁ ዝላይ እዚያ ላይ ነው፤ ያገለገለ ብሉ ሬይም ዛሬ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ፎር ኬው ደጋግሞ ለሚያያቸው ጥቂት ፊልሞች ብቻ ይቆይለት። የአማርኛ ፊልምና ድራማ ብቻ ለሚያይ ቤት ደግሞ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚፈልገው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ነው ያለው። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እንኳ በ2021 በፎር ኬ ታድሶ ሲመጣ ተመልካቹ የደረሰው በኔትፍሊክስ ነው። በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ ያለው ሰውም ማጫወቻው ያጠራልኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ የለበትም፤ ካሴቱ ከነበረው ዝርዝር በላይ አይሰጥም፤ ይልቁንስ ቴፑ ሳይበላሽ ወደ ፋይል ማስገልበጡ ይቀድማል። በቅርቡ በፎር ኬ የተቀረጸ ሠርግ በፍላሽ ካለ ግን አብዛኞቹ ማጫወቻዎች በዩኤስቢ ያሳዩታል።

ከማጫወቻዎቹ መካከል የሶኒው ዩቢፒ-ኤክስ700 በዋጋው ቀላል ነው፤ ዶልቢ ቪዥን የሚባለውን የኤችዲአር ዓይነት ግን እንደ ዲስኩ በእጅ ማብራትና ማጥፋት ይጠይቃል። የፓናሶኒኩ ዲፒ-ዩቢ820 ዋጋው ከፍ ቢልም ብርሃኑ ደከም ላለ ቴሌቪዥን ምስሉን አመጣጥኖ የሚልክበት የራሱ ዘዴ ስላለው፣ ቴሌቪዥኑ መካከለኛ ለሆነ ሰው እኔ እርሱን እመርጣለሁ። ባለ ዲስክ ፕሌይስቴሽን 5 ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሌላ ሳይገዛ መጀመር ይችላል፤ ዶልቢ ቪዥን አይኖረውም፣ የሙዚቃ ሲዲም አያጫውትም። ውሳኔውን ለዓመታት ማሳደር ግን አይመከርም፤ ከማጫወቻ አምራቾቹ ኦፖ በ2018፣ ሳምሰንግ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ገበያ ወጥተዋል፤ ቤስት ባይ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብርም በ2024 የፊልም ዲስክ መሸጥ አቁሟል። ምርጫው እየጠበበ ሲሄድ የሚቀሩት ማጫወቻዎች ይወደዳሉ እንጂ የሚረክሱ አይመስለኝም።

በአገሮች መካከል ለሚመላለስ ሰው ፎር ኬ ዲስክ አንድ ጥቅም ይዞለት መጥቷል፤ የክልል ገደብ የለበትም። ዲቪዲ የአሜሪካው ክልል 1፣ የአውሮፓ፣ የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ የኢትዮጵያው 5 እየተባለ የተከፋፈለ ነበር፤ በብሉ ሬይም አሜሪካ «ኤ»፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ «ቢ» ናቸው። ዋሽንግተን የተገዛ ፎር ኬ ዲስክ ግን ዱባይም፣ ቴል አቪቭም፣ አዲስ አበባም ይሠራል። በዚያው ሳጥን ውስጥ አብሮ የሚመጣው ብሉ ሬይ ግን የክልል ገደብ ሊኖረው ይችላል። ማጫወቻውን ራሱን ይዞ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ መሰካት የለበትም።