«የማይታየው ካርታ»፦ ዘዴው የተሟላ፣ አሳማኝነቱ ግን ለባለቤቱ የተተወ

በመጫወቻ ካርታ ለሚሠራ ምትሃት ተብለው ከሚሸጡ ልዩ ጥቅሎች (የካርታ ስብስቦች) መካከል «የማይታየው ካርታ» የሚባለውን ያህል ለጀማሪ በቶሎ የሚታዘዝ ጥቂት ነው። ተመልካቹ ያሻውን ካርታ ይጠራል፤ ጥቅሉ ከሳጥኑ ወጥቶ ሲዘረጋ የተጠራው ካርታ ብቻ ተገልብጦ ይገኛል። መነሻው የምትሃት ባለሙያው ጆ በርግ እ.ኤ.አ. በ1936 «አልትራ ሜንታል» ብሎ ለገበያ ያቀረበው ጥቅል ነው። አሠራሩን መዘርዘር ለሚገዛው ሰው ደስታውን መንሳት ስለሚሆን አልነካውም፤ የእጅ ቅልጥፍናን እምብዛም እንደማይጠይቅ መግለጹ ይበቃል።

ዘዴው እንከን የለሽ መሆኑ ግን ትርኢቱን አሳማኝ አያደርገውም። ተመልካች ከተደነቀ በኋላ ወዲያው የሚያደርገው ያየውን ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚያገኘው ማብራሪያ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ እርሱን እስካረካው ድረስ ምትሃቱ አብቅቶለታል። ካርታው ከተጠራ በኋላ ጥቅሉ ከኪስ የሚወጣ ከሆነ «ኪሱ ውስጥ ሌሎች ጥቅሎች ይኖሩታል» የሚለው ግምት በቂ መልስ ይሆናል፤ ሳጥኑ ገና ከጅምሩ ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ተቀምጦ ከቆየ ግን ይህ ግምት የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። በእኔ ግምገማ የዚህ ዕቃ ኃይል ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ስሙን የሰጠው ጨዋታም ከቀልድነቱ ያለፈ ጥቅም አለው። ተመልካቹ በምናብ የተሰጠውን ጥቅል ይበውዛል፣ አንድ ካርታ ይመርጣል፣ ገልብጦም መልሶ ይከተዋል፤ ስለዚህ በመጨረሻ እውነተኛው ካርታ ተገልብጦ ሲታይ የተገለበጠበት ምክንያት አስቀድሞ ተነግሯል፤ ገልባጩም ራሱ ተመልካቹ ነው። ምርጫውን ግን «ቀይ ወይስ ጥቁር?» እያሉ ደረጃ በደረጃ ማጥበብ፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ነጻ የሆነውን ሰው እየተመራ እንደሆነ እንዲሰማው ያደርጋል። ካርታውን በቀጥታ እንዲጠራ መጠየቅ፣ ከዚያም ሐሳቡን መቀየር ይፈልግ እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ማረጋገጥ ይሻላል።

የምትሃት ባለሙያው ዳይ ቨርነን «ብሬይንዌቭ» የተባለው ተመሳሳይ ጥቅል (እ.ኤ.አ. 1938) በአንድ ነገር ይለያል፤ የተገለበጠው ካርታ ጀርባ ከሌሎቹ የተለየ ቀለም አለው። ብዙዎች ይህን እንደ ተጨማሪ ድንገተኛ ፍጻሜ ይወስዱታል። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ራሱ ገለበጠው በተባለ ካርታ ላይ ሌላ ቀለም መታየቱ ከታሪኩ ጋር አይያያዝም፤ ትንቢት ለሚያቀርብ ሰው ግን ካርታው ከሌላ ጥቅል መጥቶ አስቀድሞ መቀመጡን ስለሚመሰክር ትክክለኛ ማስረጃ ነው።

ትልቁ ጉድለት ጥቅሉን ለምርመራ መስጠት አለመቻሉ ነው፤ ፍጻሜው ሲያስደንቅ ደግሞ የተመልካች እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ጥቅሉ ነው። «አይነካም» ማለት ምስጢሩ የት እንዳለ መጠቆም በመሆኑ፣ ጀርባው ተመሳሳይ የሆነ ተራ ጥቅል አብሮ መግዛትና ተመልካቾች በተገለበጠው ካርታ በተያዙበት ቅጽበት መለዋወጥ ያስፈልጋል። ጆከር የሚጠራ ተንኮለኛም ስለማይጠፋ ከ52ቱ አንዱን እንዲመርጥ ቀድሞ መንገር ተገቢ ነው። በካርታዎቹ ላይ ያለው ልዩ ቅብም በአጠቃቀም ብዛት ይደክማል፤ ስለዚህ ለልምምድ አንድ፣ ለትርኢት ሌላ ጥቅል መያዝ ይመከራል።