የተጫረ አሎይ ቸርኬን በቤት ለማደስ የትኛው ቀለም ይሻላል? የ1ኬ፣ የ2ኬ፣ የሚላጥና የዱቄት ቀለም ንጽጽር

የአሎይ (ማለትም ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ) ቸርኬውን በገዛ እጁ ለማደስ የተነሳ ሰው ቀለም ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቀው መልኩ ነው፤ ብርማ ይሁን፣ ግራጫ ወይስ ጥቁር። የሥራውን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ከሥር ገብቶ ቀለሙን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ፕራይመርና ከላይ የሚደረበው መልክ የለሽ መከላከያ፣ ክሊር፣ ናቸው፤ ቸርኬ የፍሬን ሙቀት፣ ትኩስ የብረት ብናኝ፣ ጠጠርና ጭቃ ያለማቋረጥ የሚያርፍበት ክፍል ነውና። ስለዚህ አራቱን አማራጮች የምመዝናቸው ይህን ሁሉ በመቋቋም አቅማቸውና በቤት ውስጥ ለመሥራት ባላቸው አመቺነት ነው።

1ኬ የሚባለው ተራ የቆርቆሮ እስፕሬይ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ማቅጠኛ ተንኖ ሲያልቅ ነው። ለጀማሪ የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተዝረከረከ ቀለም ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና ሊረጭ ይችላል፣ የተረፈውም ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ በኬሚካል ያልጠነከረ በመሆኑ ቤንዚን፣ ቲነር ወይም የፍሬን ዘይት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ጠጠርም ቶሎ ይልጠዋል።

2ኬ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ነው። በቆርቆሮው ሥር ያለው ቁልፍ ተጭኖ ማጠንከሪያው ከቀለሙ ጋር ሲቀላቀል ኬሚካላዊ ለውጥ ይጀምራል፤ ውጤቱም ነዳጅንና የፍሬን ብናኝን በእጅጉ የሚቋቋም ጠንካራ ሽፋን ነው። ከተቀላቀለ በኋላ ግን ቆርቆሮው ውስጥም ሳለ መጠንከሩን ስለሚቀጥልና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በላይ ስለማያገለግል፣ የሚቀቡት ቸርኬዎች ሁሉ አስቀድመው ተፍቀውና ተጠርገው መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ከሁሉ የሚከብደው የጤናው ጉዳይ ነው፤ በብዙዎቹ ማጠንከሪያዎች ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል በትንፋሽ ሲገባ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አስም ሊያስከትል ይችላል፣ ተራ የአቧራ ጭንብልም አያስቆመውም። ባለሙያዎች ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። አምራቹ የሚያዘውን መከላከያ ማሟላት የማይችል ሰው፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ባይገዛው እመርጣለሁ።

መከላከያው ላለው ሰው ግን ጥሩው ምርጫ ሁለቱን ማጣመር ነው። መልኩን የሚሰጠው ቀለም 1ኬ ሆኖ፣ በላዩ ላይ የሚደረበው ክሊር ብቻ 2ኬ ቢሆን፣ በእርማት ቀላል የሆነ ሥራና ዘላቂ ሽፋን አብረው ይገኛሉ።

እንደ ጎማ የሚለጠጠውና ኋላ የሚላጠው ቀለም ጤነኛ ቸርኬ ላለውና ለጊዜው መልክ መለወጥ ለሚፈልግ ብቻ ይስማማል። በወፍራሙ ካልተቀባ ሲላጥ ይቆራረጣል፣ ነዳጅ ያሟሟዋል፣ ጭረትንም አይሸፍንም።

የዱቄት ቀለም በኤሌክትሪክ ኃይል ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የሚጋገር ሲሆን፣ ከጥንካሬ አንጻር ከቤት ውስጥ ሥራ ይልቃል። ጎማው መውለቅና አሮጌው ቀለም ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት፤ ጭረት የሚሞላበት ተራ ስቱኮም ሙቀቱን ስለማይችል ጭረቱ በመሞረድ መጥፋት ይኖርበታል። የአሎይ ጥንካሬ የሚገኘው በፋብሪካ ከሚደረግለት የሙቀት ሕክምና በመሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ብረቱን ሊያዳክመው ይችላል፤ ስለዚህ ደንበኛው ሥራውን ከመስጠቱ በፊት በስንት ዲግሪና ለስንት ደቂቃ እንደሚጋገር መጠየቅ ይገባዋል። ዝገቱ ቸርኬውን ሁሉ ላዳረሰበት ሰው የምመክረው ይህን ነው።

በቤት ለሚሠራው፣ በመልኩ ቀለም ላይ ቆጥቦ ለፕራይመር ማዋል ብልህነት ነው። የተጫረው ጠርዝ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ240ና በ400 ይለሰልሳል። የተራቆተ አሉሚኒየም በአየር ውስጥ ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ ተራ ፕራይመር በደንብ አይዘውም፤ አሲድ ያለበት ወይም የኢፖክሲ ፕራይመር ያስፈልገዋል። ስቱኮ የገባበት ቦታ ካለ ኢፖክሲው ይመረጣል፣ አሲዱ ከፖሊስተር ስቱኮ ጋር አይስማማምና።

ፊቱ በቶርኖ ተልጎ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ በእስፕሬይ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ደግሞ ለባለሙያ ይታይ እንጂ በስቱኮና በቀለም አይሸፈን። በየትኛውም ቀለም ቢሠራ፣ ቸርኬው ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር የሚገጥምበት ገጽና የቡሎን መቀመጫዎቹ መሸፈን አለባቸው፤ እዚያ የገባ ቀለም ሲጨፈለቅ ቡሎኑ ይላላል። ጎማው ተመልሶ ሲታሰርም ማጥበቂያው የመኪናው አምራች በሚያዘው ልክ ይሁን፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይፈተሽ።