114 ላይ የሚሰበረው ግራፍ፦ ከፋየርዎላችን ጋር 9 ወር

ይህን ዕቃ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች ብዙ ስለማማው። ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን እኔና ዕቃው እስካሁን አልተስማማንም።

አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ነኝ። 40 ሰው ገደማ ነን። መስከረም ላይ አሮጌውን ራውተር አሰናብተን አንድ መካከለኛ ፋየርዎል (ከኢንተርኔት የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠር ዕቃ) ገዛን። ብራንዱን አልጠራም። ማገድ ያለበትን ያግዳል፣ ቪፒኤኑ (የተመሰጠረው የርቀት መስመር) ይገናኛል፣ ማራገቢያው ትንሽ ይጮኻል። ስለ ሌላው ነገር ይህ ይበቃል።

የእኔ ጣጣ የባንድዊድዙ ነው፤ በመስመሩ ላይ በሰከንድ ምን ያህል ዳታ እንደሚያልፍ የማወቁ ጉዳይ።

ፋየርዎሉ የራሱ ቆንጆ ግራፍ አለው፤ የሚያሳየው ግን ያለፈውን 24 ሰዓት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ምን እንደነበር ለማየት የሪፖርት ፈቃድ ግዙ ይላል። በየዓመቱ፣ በዶላር። ፋይናንስ ክፍል ሄጄ «ዶላር» ብል ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩኝ ስለማውቅ አልሄድኩም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አታስብ፣ ኤስኤንኤምፒ ይደግፋል» አለኝ። አልዋሸም። ይደግፋል።

ኤስኤንኤምፒ በፈረንጆቹ 1988 የተወለደ፣ የኔትወርክ ዕቃዎችን ከርቀት «እንዴት ነህ? ስንት ደረስክ?» እያሉ የሚጠይቁበት ፕሮቶኮል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በዚህ መንገድ ሲጠየቅ ፋየርዎሉ ፍጥነት አይናገርም። እያንዳንዱ ኢንተርፌስ (ዳታ የሚገባበትና የሚወጣበት በር) ላይ ያለፈውን ባይት የሚቆጥር ቆጣሪ አለው። የሚነግረን የቆጣሪውን ቁጥር ብቻ ነው። ልክ እንደ ቤት ውሃ ቆጣሪ። አንባቢው ይመጣል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ካለፈው ወር ይቀንሳል።

የእኛ ቆጣሪ አንባቢ ካክታይ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው። ማንም የማይፈልገው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። በየ5 ደቂቃው የፋየርዎሉን ዩዲፒ 161 ወደብ (ለኤስኤንኤምፒ ጥያቄ የተመደበውን በር) ያንኳኳል፣ ቁጥሩን ይወስዳል፣ ከቀድሞው ይቀንሳል፣ ባይቱን ወደ ቢት ለመለወጥ በ8 ያባዛል፣ ለ300 ሰከንድ ያካፍላል። ሜጋው፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ቢት እንዳለፈ፣ ወጣ ማለት ነው።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንዴት እንደወደድኩት! ጠዋት ቡናዬን ይዤ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። «ኔት ሞተ» ብሎ የሚመጣን ሰው ስክሪኑን አዙሬ አሳየዋለሁ። ሥራ አስኪያጃችን እንኳ «እስቲ ያንን ተራራህን አሳየኝ» ይሉኝ ጀምረው ነበር።

ጥር ላይ መስመራችንን ከ100 ወደ 150 ሜጋ አሳደግነው። ሒሳቡ ጨመረ። ግራፉ ቀነሰ።

በትክክል የሆነው ይህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰው ሲገባ መስመሩ 40፣ 60፣ 90 እያለ ይወጣል። ረፋዱ ላይ ሁሉም ትልልቅ ፋይሉን ማውረድ ሲጀምር 112 ይደርሳል። ከዚያ ገደል። 3 ሜጋ። ከ3 ወደ 20፣ ወደ 35 ይንፏቀቅና እዚያው ይተኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ 100! ሰው ሲበዛ የሚደክም፣ ሰው ሲያንስ የሚበረታ መስመር። እኔ ይህን ሳይ አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ፦ የኢንተርኔት አቅራቢው በሥራ ሰዓት እየቆነጠረብን ነው።

ደወልኩ። «ከእኛ በኩል ንጹሕ ነው» አሉኝ። እንዲህ ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል። ደብዳቤ ተጻፈ። ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ። ግራፉን በቀለም አትሜ አያያዝኩት፤ ገደሉን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት። «ለ150 ሜጋ እየከፈልን 35 ሜጋ እያገኘን ስለሆነ» ይላል አንዱ ዓረፍተ ነገር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ሳነበው አንገቴን እደፋለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቴክኒሻን ላኩ። ልጁ ትሑት ነው። ላፕቶፑን ከፋየርዎሉ ጀርባ ሰክቶ ፍጥነት ለካ፦ 148። ደግሞ ለካ፦ 147። በዚያው ሰዓት የእኔ ስክሪን «35» ይላል። «ያንተ ላፕቶፕ ነው የሚዋሸው» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ግራፉን አየ። የአራት ቀኑን አየ። ከዚያ በጣቱ ስክሪኑን ነክቶ፦

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ 114 ጋ ሲደርስ ምን ነክቶት ነው የሚሰበረው?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍጥጬበት አላየሁትም። እውነትም 115 የሚባል ቁጥር ግራፉ ላይ አንድም ቀን የለም።

ሲሄድ ካልኩሌተር አወጣሁ። የፋየርዎሉ ቆጣሪ የ32 ቢት ነው። መቁጠር የሚችለው እስከ 4,294,967,295 ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደ ውሃ ቆጣሪ ዙሩን ጨርሶ ከዜሮ ይጀምራል። በ8 አባዛሁት፤ ለ300 አካፈልኩት። 114.5 ሜጋ። ግራፉ የሚሰበርበት ቦታ!

ቆጣሪው በ5 ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ከዞረ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። የሚያየው ትርፉን ብቻ ነው። ስለዚህ 150 ሲሆን 114.5ቱ ይዋጥና 35.5 ይቀራል። 120 ሲሆን 5.5 ይቀራል። መስመሩ 100 በነበረ ጊዜ በ5 ደቂቃ ሙሉ ዙር መድረስ ስለማይችል ሁሉም ልክ ነበር። መስመሩን ያሳደግን ቀን ቆጣሪው ጠበበው። እኔ ደግሞ ሰው ከሰስኩ።

መድኃኒቱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ያበሳጨኝም ይኸው ነው። ፋየርዎሉ የ64 ቢት ቆጣሪም አለው! በ150 ሜጋ እሱ ዙር ለመጨረስ 31 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ግን የኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1 እንዲህ ያለ ረጅም ቁጥር መሸከም አይችልም፤ ቢያንስ ቨርዥን 2ሲ ያስፈልጋል። ዕቃው ከካርቶኑ ሲወጣ የተከፈተው ቨርዥን 1 ነው። 2ሲ «ተጨማሪ ቅንብር» የሚል ገጽ ውስጥ፣ እታች፣ አንዲት ባዶ ሳጥን ሆና ተቀምጣለች። መመሪያው ላይ ለባንድዊድዝ የተሰጠውም አድራሻ (የትኛው ቆጣሪ እንደሚጠየቅ የሚለየው ቁጥር) የአሮጌው ቆጣሪ ነው፤ በ2.2.1.10 የሚያልቀው። የሚያስፈልገው በ31.1.1.1.6 የሚያልቀው ነበር። ሳጥኗን ጠቅ አደረግኩ፣ ካክታይ ላይ የ64 ቢቱን መረጥኩ፣ 5 ደቂቃ ጠበቅኩ። 143።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ጌታዬ፣ ዕቃው ይችላል፤ አንተ ነህ ያላበራኸው።» እሺ። ቨርዥን ሳላይ ማለፌ ጥፋቴ ነው፤ ዋጥኩት። ግን ወንድሜ፣ ገመድ የሚሰካባቸው ወደቦቹ እኮ 1 ጊጋ (1,000 ሜጋ) ናቸው። በ1 ጊጋ የ32 ቢት ቆጣሪ በ34 ሰከንድ ነው የሚሞላው። ከ20 ሜጋ በላይ ለሚሮጥ ኢንተርፌስ ባይት በ64 ቢት ይቆጠር የሚል ደንብ በፈረንጆቹ 2000 ላይ በጽሑፍ ወጥቷል። ታዲያ ጊጋ ወደብ ላይ የድሮ ቆጣሪ ከፍቶ መሸጥ ምን ይባላል? «ይደግፋል» ስትለኝ የትኛውን እንደሚደግፍ አንድ ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? ደግሞ የኤስኤንኤምፒው ይለፍ ቃል «ፐብሊክ» እንደተባለ ነው የመጣው። እሱን ቀይሬ፣ ከካክታይ ኮምፒውተር በቀር ማንም እንዳይጠይቀው ዘጋሁት። 2ሲ ያንን ቃል በግልጽ ነው የሚልከው፤ የሚመስጥረው ቨርዥን 3 ነው። ወደ እሱ ልሄድ እያልኩ ሰኔ ገባ።

በመካከሉ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። ሚያዝያ ላይ የፋየርዎሉን ሶፍትዌር ሳድስ የኢንተርፌሶቹ ቁጥር ተቀያየረ። 3 የነበረው ዋናው መስመር 5 ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ የእንግዳ ዋይፋዩን ግራፍ እያየሁ «ዛሬ ኔት ቀላል ነው» እል ነበር። አሁን ካክታይን በቁጥር ሳይሆን በኢንተርፌሱ ስም እንዲፈልግ አድርጌዋለሁ።

ቴክኒሻኑን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀ። «የ114 ሰውዬ» እያለ ነው አሁን የሚጠራኝ። ለደብዳቤው መልስ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ምንም አላሉም። ባይናገሩኝ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ዝም ሲሉኝ ግን ቢናገሩኝ ይሻል ነበር።

ትገዛዋለህ ወይ ለሚለኝ፦ የካቲት ላይ ቢጠይቁኝ በመስኮት እወረውረው ነበር። ትናንት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ተነሥቶ፣ ቪፒኤኑን አገናኝቶ፣ ግራፉን ካቆመበት ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ ከ5 አራት እሰጠዋለሁ። የቀነስኩት አንዱ ለዚያች ባዶ ሳጥን ነው።