«አይነክስም» የተባለልኝ ሪቮልቨር ከወራት በኋላ

«ሪቮልቨር አይነክስም» ብሎ ነው ሰውዬው ሽጉጡን የሸጠልኝ። መንከስ ማለት መሃል ላይ ተጣብቆ አልተኩስም ማለት ነው። ነከሰ። ያውም ሦስት ያልተተኮሰ ጥይት በውስጡ እንዳለ ነክሶ አልከፈትም አለ። ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ከባለቤቴ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለን። ማታ የምዘጋው እኔ ነኝ። አጠገባችን ያለው ሱቅ ከተዘረፈ በኋላ ሽጉጥ ለመግዛት ወሰንን። የገዛሁት አጭር አፈሙዝ ያለው፣ አካሉ አሉሚኒየም የሆነ፣ 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት አምስት የሚጎርስ ሪቮልቨር ነው። አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ስድስት መቶ ዶላር አካባቢ። አምራቹ አሜሪካ ውስጥ ስሙ የተከበረ ነው። ስሙን ግን እዚህ አልጠራም። ከጠራሁት ክርክሩ «የእኔ ይሻላል፣ የአንተ ይሻላል» ይሆንና ዋናው ነገር ይጠፋል።

በተረፈ ይተኩሳል፣ ያነጣጠርኩበትን ይመታል፣ አይከብድም። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ለልምምድ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ሄጄ እንደ ወትሮው ጥይት አጎረስኩ። የመጀመሪያው ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ፣ ግን ምላጩ ከበድ አለኝ። ሦስተኛው ላይ ምላጩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ አለ። ለቅቄ ደግሜ ሳብኩት። ንቅንቅ የለም። ሲሊንደሩን፣ ጥይቱን የሚይዘውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ልክፈት ብዬ የጎኑን መክፈቻ በአውራ ጣቴ ገፋሁ። እሱም ድርቅ አለ። እጄ ላይ ያለው እንግዲህ የማይተኮስ፣ የማይከፈት፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ነው።

የሬንጁ ተቆጣጣሪ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ከእጄ ተቀበሉኝ። ከአፈሙዙ ሥር አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች። ሲሊንደሩ ሲከፈት ባዶ ቀለሃ የምትገፋው እሷ ናት። እጃቸውን ከአፈሙዙ ፊት እንዳያሳልፉ እየተጠነቀቁ በጣቶቻቸው ሊያዞሯት ሞከሩ። እምቢ አለች። ጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ያዟት። ሩብ ዙር አዞሩ፣ ደገሙ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ሲሊንደሩ ተከፈተ። ሦስቱን ጥይት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝና «ዘንጓ ላልታ ነው» አሉኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ዘንጓ በብሎን ጥርስ ነው የምትታሰረው። የፊት ጫፏ ከአፈሙዙ ሥር ካለች መቆለፊያ ጋር ይገጥማል። በተተኮሰ ቁጥር ሽጉጡ ይርገበገባል፣ ዘንጓም ከሲሊንደሩ ጋር አብራ ትዞራለች። ፋብሪካ ሲገጥማት በደንብ ካልጠበቀች ቀስ በቀስ ትላላለች። ስትላላ ርዝመቷ ይጨምራል። አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ጭማሪ ይበቃል። የፊቱን መቆለፊያ ትገፋለች፣ ሲሊንደሩን ታንቀዋለች፣ መክፈቻው አይሠራም። ውስጡ ጥይት ካለ እንዳለ ይቀራል።

ይህ የትናንት ችግር ቢሆን ዝም እል ነበር። አይደለም። የአሜሪካው ሽጉጥ አምራች ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1960 አካባቢ የዚህችኑ ዘንግ ጥርስ አቅጣጫ ወደ ግራ ለውጦታል። ምክንያቱ ሲሊንደሩ በዞረ ቁጥር ዘንጓን እንዳይፈታት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሌላው የአሜሪካ አምራች ሩገር ደግሞ ትልልቆቹን ሪቮልቨሮቹን ሲሠራ የፊቱን ቁልፍ ጭራሽ ከዘንጓ ላይ አንስቶ ሲሊንደሩን የሚሸከመው ክንድ ላይ አደረገው። ስለዚህ በሽታው ይታወቃል፣ መድኃኒቱም ይታወቃል። በ600 ዶላር ዕቃ ላይ አንድ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ ማድረግ ማንን ይከብዳል? እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «እመቤቴ፣ ይሄ እኮ በሺህ አንዴ የሚያጋጥም ነው። ባለ ካዝናው ሽጉጥ ስንቴ ነው የሚነክሰው?» ይለኛል። ባለ ካዝና የሚለው ሲሊንደር የሌለውን፣ ጥይቱን እጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና የሚይዘውን ነው።

ስማኝ ወንድሜ። ባለ ካዝናው ቶሎ ቶሎ ሊነክስ ይችላል፣ አልክድህም። ግን ሲነክስ ምን ይደረጋል? ካዝናውን ከሥር መታ፣ ከላይ ያለውን ሸርተቴ ሳብ፣ ለቀቅ። የለመደ ሰው በሁለት ሰከንድ ያስለቅቀዋል። የእኔው ሲነክስ ፒንሳ ነው የሚፈልገው። ሌሊት ሱቅ ውስጥ፣ ሰው በሩን ሲገነጥል፣ ፒንሳ ፍለጋ መሳቢያ ልክፈት? «ብዙ ጊዜ አይነክስም፣ ከነከሰ ግን በእጅ አይለቅም» ብትለኝ ኖሮ እውነቱን ነገርከኝ ማለት ነው። አንተ ያልከኝ «አይነክስም» ነው።

እውነት የሆነውን ግን እመሰክራለሁ። ጥይት ከከሸፈ ሪቮልቨርን የሚያህል የለም። ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው፣ ቀጣዩ ጥይት ዞሮ ይመጣል። ካዝና የለውም፣ የካዝና ሞላ ደከመ አይባልም። ሸርተቴውን ለመሳብ ጉልበት የሚያጥረው ሰውም ይገላገላል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ከዚህ ተነስቶ «አይነክስም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የላላችው ዘንግ ብቻዋን አይደለችም። ቀለሃ የሚያወጣው ኮከብ መሳይ ብረት ሥር ያልነደደ ባሩድ ፍርፋሪ ከገባ ሲሊንደሩ ይጣበቃል። ክብደቱ በጣም ቀላል በሆነ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ሲተኮስ ወደኋላ የሚገፋው ግፊት ጠንካራ ስለሆነ፣ ገና ያልተተኮሰው ጥይት እርሳሱ ከቀለሃው ወደፊት እየተሳበ ይወጣና ሲሊንደሩን ይገትረዋል። ምላጩ ለስለስ ይበል ተብሎ ሞላው ከተነካ መቺው አቅም ያንሰውና ጥይቱ ይከሽፋል። እነዚህን ሁሉ መሣሪያ ጠጋኝ የሆነ ሰው ያውቃቸዋል። መሸጫው ጠረጴዛ ላይ ግን አይነሱም።

ደግሞ ያቺ «ለሴት ይሄ ነው የሚሻለው» የምትል ነገር። እህቶቼ፣ ይህን ስትሰሙ ቆም በሉ። ትንሽና ቀላል ሪቮልቨር ለጀማሪ ከሚከብዱት ሽጉጦች አንዱ ነው። ምላጩን ለመሳብ አምስት ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። አፈሙዙ አጭር፣ ማነጣጠሪያው ኢምንት ነው። ቀላል ስለሆነ ግፊቱን የሚውጥለት ክብደት የለውም፣ ሁሉም መዳፍ ላይ ነው የሚያርፈው። ልምምድ ጨርሼ ስወጣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለው ሥጋ ቀልቶ ነው የማገኘው። አሁን ለምጄዋለሁ፣ በደንብም እተኩስበታለሁ። ግን ሴት ስለሆንኩ ይስማማኛል ያለኝ ሰው ምላጩን አንድ ቀን እንኳ በሴት እጅ አስቦት አያውቅም።

«የአሜሪካ ፖሊስ እኮ ለመቶ ዓመት የያዘው ሪቮልቨር ነው» የሚለውም አለ። ልክ ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ ወደ ባለ ካዝናው መዞር የጀመረው በ1993 ነው። ለምደነዋል ያሉ አንጋፋ ፖሊሶች ሪቮልቨራቸውን እስከ 2018 ይዘው ቆይተዋል። ነገር ግን የፖሊስ ሽጉጥ በመሣሪያ ባለሙያ ይታያል፣ ይፈተሻል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። እኔ ሱቅ ውስጥ የመሣሪያ ባለሙያ የለኝም። እነዚያ የድሮዎቹም በአብዛኛው ሙሉ ብረት፣ ከበድ ያሉ ነበሩ። የእነሱን ስም ተሸክሞ የሚሸጠው የእኔው አሉሚኒየም ሌላ ዕቃ ነው።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር። እኛ መቼም በመሣሪያ ስም እናምናለን። አያቶቻችን ምንሽርና ውጅግራ እያሉ በስሙ ነበር የሚመርጡት። ኮልት የሚለውንም ሽጉጥ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። አሜሪካኖቹም እንደኛው ናቸው። ሬንጅ ውስጥ የብራዚሉን ታውረስ ይዘህ ብትገባ ፊቱን የሚያጨማድድ አይጠፋም፣ ስሚዝ ከያዝክ ደግሞ ጎሽ ትባላለህ። ስሙ ግን ምን ያህል ዋስትና ነው? ሳሙኤል ኮልት የአሜሪካ ፓተንቱን ያገኘው በ1836 ነው። የኮልት ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ የቼክ ኩባንያ ንብረት ሆኗል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አንድ ሰሞን በእንግሊዝ ባለቤቶች እጅ ነበር። በ2001 የገዛው የአሪዞና ኩባንያ የሽጉጥ መቆለፊያ ይሠራ የነበረ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሪቮልቨሮቹ ጎን ላይ የቁልፍ ቀዳዳ መጣ፣ የድሮ ደንበኞችም እስከ ዛሬ ያማርራሉ። ኮልት ፓይተንን ውሰዱ። በ1955 የወጣ፣ ለብዙዎች የሪቮልቨር ቁንጮ የሆነ ሽጉጥ ነው። ከገበያ ጠፍቶ በ2020 በ1,500 ዶላር ሲመለስ፣ ከመጀመሪያዎቹ መሃል ሲሊንደሩ ሳይዞር የቀረባቸው ሰዎች ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰሙ። ፓይተን እንኳ!

ስም ማለት ለእኔ ጥፋት ሲገኝ ኩባንያው የሚያደርገው ነገር ነው። በዚህ ረገድ ሩገርን አከብራለሁ። ከ1953 እስከ 1972 የሠራቸው የድሮ ሪቮልቨሮች መዶሻቸው (መቺው ብረት) ጥይት ባለበት ቀዳዳ ላይ ካረፈ፣ ሽጉጡ ሲወድቅ ሊባርቅ ይችላል። ኩባንያው ከ1982 ጀምሮ ያንን የሚያስቀር ዕቃ በነፃ ሲገጥም ኖሯል። ያለ ደረሰኝ፣ አንተ ስንተኛ ባለቤት ነህ ሳይል። እንዲህ ያለውን ኩባንያ ስሙን ቢሸጥልኝ እገዛዋለሁ።

የእኔው አምራችስ? ደወልኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አላጉላላችኝም። የመላኪያ ወረቀት በኢሜይል ላከችልኝ፣ የመላኪያውንም እነሱ ቻሉ። ከሳምንታት በኋላ ሽጉጡ ተመልሶ ቤት ድረስ መጣ። አብሮት አንድ ወረቀት አለ። «ተጠግኗል፣ ተፈትኗል» ይላል። በቃ። ምን ላልቶ ነበር? በምን አጠበቃችሁት? የሌላ ሰውስ እንዲሁ ነው ወይ? አንድም ቃል የለም። ደግሜ ደወልኩና ጠየቅኩ። «እመቤቴ፣ ያለን መረጃ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው» ተባልኩ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ቶስተር ቢበላሽ፣ የሕፃን አልጋ ቢሰበር የሚቆጣጠር የፌዴራል የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን አለ። ኩባንያውን ዕቃህን ሰብስብ ብሎ ማስገደድ ይችላል። ሽጉጥ ግን በ1972 ሕጉ ሲወጣ ጀምሮ ከሥልጣኑ ውጪ ነው። ጉድለት ያለበትን ሽጉጥ ከገበያ ሰብስብ ብሎ የሚያስገድድ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የለም። አምራቹ ደስ ካለው ይሰበስባል፣ ካላለው አንድ በአንድ እየጠገነ ዝም ይላል። ቶስተሬ ከሽጉጤ የተሻለ ጠባቂ አለው ማለት ነው። በሕይወቴ የምታመንበት ዕቃ ላይ ይሄ አይገባኝም፣ አልቀበለውምም።

ከጥገናው ወዲህ ሠርቷል። አልነከሰም። ዘንጓን ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊትና በኋላ በጣቴ እሞክራታለሁ፣ አልተነቃነቀችም። ኮከቡን ሥሩን ጭምር በጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ። ያም ሆኖ ሱቅ ውስጥ አላስቀምጠውም። ልቤ አልተመለሰለትም። አሁን ሱቁ ውስጥ ያለው ባለ ካዝና ሽጉጥ ነው። ሪቮልቨሩ ቤት ተቆልፎበት ተቀምጧል፣ ለልምምድ ብቻ ይወጣል።

ግዙት ወይስ አትግዙት? አዲሱን፣ ቀላሉን፣ አሉሚኒየሙን አልመክርም። ሪቮልቨር የሚወድ ሰው ከፖሊስ የወጣ የድሮ የስሚዝ ሞዴል 10 ይፈልግ። ከበድ ያለ ብረት ነው፣ በሚሊዮን የተሠራ ነው፣ የማያውቀው ጠጋኝ የለም። አዲስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ደግሞ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያ ሲሊንደሩን ይክፈትና ዘንጓን በጣቱ ይሞክራት። ሲሊንደሩን ዘግቶ ወደፊትና ወደኋላ ይነቅንቀው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር ልክ ሲገጥም የምትሰማዋን ቀጭታ ይስማ። እኔ የሚቀጥለውን ስገዛ ይህን ሁሉ ሻጩ ፊት አደርጋለሁ። አይቻልም ካለኝ ብሬን ይዤ እወጣለሁ።