ብናኙ ያነሰ የፍሬን ሸራ በጣርማበር ቁልቁለት፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

መኪናዬ በፈረንጆች የ2010 ስሪት ጎልፍ ጂቲአይ ናት፤ ባለ 2 ሊትር ተርቦ፣ 210 የፈረስ ጉልበት፣ ማኑዋል ማርሽ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በሳምንት አንዴ ለሥራ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ ወላጆቼን ለመጠየቅ ሸዋሮቢት እወርዳለሁ። በአዲስ አበባው መንገድ የትኛውም ደህና ሸራ ይበቃል። ሸራን የሚፈትነው በጣርማበር የሚወርደው የሸዋሮቢቱ ነው።

መጀመሪያ የነበረው ሸራ በአውሮፓ መኪኖች የተለመደው ሎው ሜታሊክ የሚባለው፣ ጥቂት ብረት የተቀላቀለበት ዓይነት ነበር። አያያዙ እጅግ ጥሩ ነው። ብናኙ ግን ብዙ ነው፤ ቅዳሜ ላቫጆ ገብታ የወጣች መኪና ሰኞ ማታ የፊት ቸርኬዎቿ ጥላሸት ለብሰው ይገኛሉ። ይህ ብናኝ ከሸራው ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሸራው ጨምቆ ከሚያቆመው ዲስክ የሚላጥ ብረትም አለበት። ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ቸርኬው ላይ ይጣበቃል፤ የጠዋት ጤዛ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ቆይቶም ቀለሙን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበላዋል። እኔን ግን ሸራ ለመቀየር ያስወሰነኝ ቀለሙ አልነበረም። ላቫጆ የሚያጥብልኝ ልጅ አንድ ቀን ቸርኬውን በባዶ እጁ ሲፈገፍግ ቆይቶ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። ጥቁሩ የእጁ መስመሮች ውስጥ ገብቶ በሳሙና አልለቅ ብሎታል። እጁ ላይ ያየሁት ያህል ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል ብዬ አሰብኩ። አውሮፓውያን ዩሮ 7 በሚባለው የመኪና ብክለት ሕጋቸው ላይ ከጭስ ማውጫ በተጨማሪ ለፍሬን ብናኝ በሚሊግራም ገደብ ያስቀመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ «ሴራሚክ ነው፣ ብናኝ የለውም» ተብዬ ርካሹን ገዛሁ። ሳጥኑ ያምር ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ሳምንት ስነዳው ቸርኬዎቼ እንደ አዲስ አበሩ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ወደ ሸዋሮቢት ስወርድ፣ ጣልያኖች የቆፈሩትን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና በሚጠማዘዘው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳኝ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ እረግጣለሁ፤ መኪናዋ ግን የምትቀንሰው በግማሽ ነው። ከፊቴ የነበረው ሲኖትራክ የራሱ ሸራ እየሸተተ ይሄዳል፤ የእኔም ሽታ ተጨመረበት። ማርሹን ወደ ሁለት ጥዬ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ሳገኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን ካቀዘቀዝን በኋላ በማርሽ ብቻ ደብረ ሲና ገባን።

መካኒኬ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ ዘመን በከባድ መኪና የሠሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጄ፣ ፔዳሉ ወረደ ወይስ ደነደነ?» ብለው ነው። «ደነደነ፣ ግን አልያዘም፣ ጋሼ» አልኳቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ታች ከወረደ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው፤ ውስጡ እንፋሎት ገብቷል ማለት ነው። ደንድኖ ሳይዝ ከቀረ ግን የተሸነፈው ሸራው ነው፤ ከሙቀቱ መጠን አልፏል። ሸራውን ፈትተው ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። በቀለም ከታተሙት ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ሁለት ፊደሎች ነበሩ፦ ኤፍ እና ኢ። የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ ይነግራል፤ ሁለተኛው ሲግል። በሰበቃ መለኪያ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ኢ ደግሞ ከ0.25 እስከ 0.35 ነው። ሲግል እንደሚደክም ራሱ ሸራው ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ያነበብኩት ግን ሳጥኑን ብቻ ነው።

ለምን እንደከዳኝ በቁጥር ሳየው ገረመኝ። ጣርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰው የጫነች 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,700 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 25 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ 75 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል፤ በማርሽ ካልያዛችሁ ግን ቀሪው በሙሉ አራት ዲስክ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ከፍታው ራሱ ጫና አለው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በአየር ግፊት ልዩነት እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሰጠው እገዛ ይቀንሳል። ጣርማበር ላይ ፍሬኑ ለእግር የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ስመርጥ እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ብናኝ። የፈለግኩት ጠርዙ ላይ ሁለት ኤፍ ያለበት፣ ጀርባው ላይ አር 90 የሚባለው የአውሮፓው የመለዋወጫ ሸራ ማረጋገጫ ምልክት የተመታበት፣ ለ312 ሚሊሜትሩ የፊት ዲስክ በልኩ የተሠራ ሴራሚክ ሸራ ነው። ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሬ አገኘሁት። ዋጋው የርካሹን ሦስት እጥፍ ነበር። የአምራቹን ስም አልጽፍም፤ በአንድ ስም ስንት ዓይነት ኮፒ እንዳለ አይቻለሁና። ሸራውን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ፊደሎቹን በዓይናችሁ አንብቡ፤ ሻጩ ማሳየት ካልፈለገ ጥላችሁ ውጡ። አሮጌው ሲወጣም ብናኙን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በዚያው ቀን የፍሬን ዘይቱን በአዲስ ዶት 4 አስቀየርኩ። አዲሱ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል።

አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ማለማመዱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን የሸራው ግማሽ ዕድሜ እዚያ ነው እላለሁ። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር እንዳለ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ በሚወስደው ሜዳ ላይ ከ60 ወደ 15 ኪሎሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ቀነስኩ፤ አንዴም ሙሉ በሙሉ ሳልቆም። ከዚያ ፍሬን ሳልነካ አሥር ደቂቃ ነዳሁ። ስመለስ ዲስኩ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ግራጫ ሽፋን ነበር። ሴራሚክ ሸራ የሚይዘው ዲስኩን እየፋቀ ሳይሆን በአብዛኛው በዚህ ሽፋን ነው፤ ብናኙ የሚያንሰውም ለዚሁ ነው።

ይህ የሆነው መስከረም ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ 11,000 ኪሎሜትር ነድቼበታለሁ።

ቸርኬዎቹ ከጠበቅኩት በላይ ንጹሕ ናቸው። በሁለት ሳምንት የሚታየው ፈካ ያለ ግራጫ ዱቄት ነው፤ አይጣበቅም፣ በውሃ ብቻ ይለቃል። ድምፅ የለውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጭ መስታወቱን ባለበሰበት ጠዋት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ሰነፍ ይላሉ፤ ከቀድሞው ሸራ ጋር ሳነጻጽረው ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ከግቢ ስወጣ ቀስ ብዬ እየነካካሁ አሞቀዋለሁ። በበልጉ ዝናብም እንዲሁ አንድ ርግጫ ይዘገያል፤ ከዚያ ውሃውን ጠርጎ ይይዛል። ጣርማበርን እስካሁን አሥራ ስምንት ጊዜ ወርጄበታለሁ፤ ሁልጊዜ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ይዤ ሳልቆይ፣ አጥብቄ ረግጬ እየለቀቅኩ። አንድም ቀን አልከዳኝም። የቀድሞው ሎው ሜታሊክ በጣም ሲግል ከዚህ የበለጠ ይይዝ እንደነበር ግን አልክድም። መኪናውን ጨክኖ የሚነዳ ሰው እሱኑ ቢይዝና ቸርኬውን ቢያጥብ ይሻለዋል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አለ፤ ማንም አላስጠነቀቀኝም ነበር። የካቲት ላይ ከሸዋሮቢት ስመለስ የቀኙ የፊት ጎማ አካባቢ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ክሪክ አስገብተን ስንፈታው ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው የካሊፐሩ ማንሸራተቻ ፒን ደርቆ ተጣብቋል። የውስጠኛው ሸራ 5 ሚሊሜትር ቀርቶታል፤ የውጭው 10 ነው። በድሮው ሸራ ቢሆን ያ ቸርኬ ከሦስቱ ይልቅ ጠቁሮ በሳምንት ውስጥ በነገረኝ ነበር። ብናኙ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ምስክርም ኖሯል፤ እሱን ሳጠፋ ምስክሩንም አጥፍቻለሁ። ፒኑ ተጠርጎ ሙቀት የሚችል ግራሶ ተቀባ፤ የፊቱን ሸራ በሁለቱም ጎን ቀየርኩ። ስለዚህ የሸራውን ዕድሜ በቅጡ መናገር የምችለው አብሮ ስለተቀየረው የኋላ ሸራ ነው፤ ሩቡ እንኳ አልተበላም።

አሁን ሸዋሮቢት በደረስኩ ቁጥር፣ እናቴ ቡና እስክታቀርብ ድረስ መኪናዋን ዞሬ እጄን ሳላስነካ በየቸርኬው ፊት እይዛለሁ። የፊት ሁለቱ እርስ በርስ፣ የኋላ ሁለቱም እርስ በርስ እኩል መሞቅ አለባቸው። ባለፈው እሑድ እኩል ነበሩ።